ሳይጃጁ የሚመጣ መርሳት፦ ከ65 ዓመት በፊት የሚጀምር ዲሜንሺያና የዲያስፖራው ድርሻ

በአማርኛ «ጃጀ» የሚለው ግስ ዕድሜን ተከትሎ ይመጣል። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው አባት የልጃቸው ስም ሲጠፋቸው ቤተሰቡ ያዝናል እንጂ ግራ አይጋባም፤ ቃሉም ትዕግሥቱም አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። ተመሳሳይ ነገር በ52 ዓመት ሰው ላይ ሲደርስ ግን ቃል ያጥረናል። የቤት ዕዳ የሚከፍል፣ ልጅ ኮሌጅ የሚያስተምር ሰው ሒሳብ ሲያምታታ፣ የለመደው መንገድ ሲጠፋው ወይም ጠባዩ ሲለወጥ «ሐሳብ በዝቶበት ነው» እንላለን። ሲብስም ትዳሩን፣ መጠጡን ወይም ዓይነ ጥላን ተጠያቂ እናደርጋለን። ከ65 ዓመት በፊት የሚጀምር ዲሜንሺያ እነዚህን ስሞች ለብሶ ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2021 በጃማ ኒውሮሎጂ መጽሔት የወጣ ግምት፣ በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 64 የሆነ 3.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ ያመለክታል። ቁጥሩ ከአረጋውያኑ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሸክሙ የሚያርፈው ግን ቤት በሚያስተዳድረውና አገር ቤት ላሉ ወላጆች ገንዘብ በሚልከው ትከሻ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሁለት ክፍል አለው፦ ለሕመሙ ከሚያጋልጡት ሁኔታዎች ብዙዎቹ ልንደርስባቸው የምንችል ናቸው፤ የአሜሪካ የጤናና የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት ግን በሩን ለአረጋውያን አስቦ ስለሠራው፣ በሥራ ዕድሜው ለሚታመም ሰው የተለየ ጥብቅና ያስፈልጋል።

ጥናቱ ምን አገኘ?

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በዚሁ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በብሪታንያው ዩኬ ባዮባንክ የተመዘገቡ ከ65 ዓመት በታች የሆኑ 356,052 ሰዎችን ተከታትሏል። ከእነዚህ ውስጥ 485 ሰዎች ሕመሙ ይዟቸዋል። ተመራማሪዎቹ ከአደጋው ጋር የተያያዙ 15 ሁኔታዎችን ለዩ። በዘር የሚወረሰው አፖኢ ኢ4 የተባለው የጂን ዓይነት ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ከአጋላጮቹ አንዱ ነው፤ ዝርዝሩ ግን በዚያ አያበቃም። ዝቅተኛ ትምህርትና የኑሮ ደረጃ፣ ከሰው መነጠል፣ ድብርት፣ የመስማት ችግር፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የቫይታሚን ዲ እጥረት፣ ከተቀመጡበት ሲነሡ የሚወርድ የደም ግፊት፣ የእጅ መጨበጥ ኃይል መድከም፣ በደም ውስጥ ያለ የብግነት ምልክት መጨመርና የአልኮል ሱስ ሁሉም ተካተውበታል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አብሮ መገኘት መንሥኤ መሆን አይደለም። ድብርትና ከሰው መራቅ ሕመሙን የሚያመጡ ሳይሆኑ ገና ስሙ ያልታወቀ ሕመም የመጀመሪያ ጥላ ሊሆኑ ይችላሉ። ጥናቱ አልኮል ፈጽሞ የማይጠጡትንም ከፍ ያለ አደጋ ካላቸው መካከል መድቧል። ይህን አንብቦ ወይን መጀመር ግን ስሕተት ነው፤ ብዙ ሰው መጠጥ የሚተወው ስለታመመ ወይም መድኃኒት ስለሚወስድ ነው። ከሁሉ በላይ የዩኬ ባዮባንክ ተመዝጋቢዎች እጅግ የሚበዙት ነጮች ናቸው። የአፖኢ ኢ4 ተጽዕኖ ደግሞ በአፍሪካ ተወላጆች ላይ ደከም ብሎ እንደሚታይ ሌሎች ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ዝርዝሩን እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ መነሻ መያዝ ይገባል።

መነሻነቱ ግን ጠንካራ ነው። የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 በሁሉም ዕድሜ ያለውን ዲሜንሺያ መርምሮ፣ 14 ሊለወጡ የሚችሉ ሁኔታዎች ቢወገዱ 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት በመርሕ ደረጃ እንደሚቻል ገምቷል። ትምህርት፣ መስማት፣ ድብርት፣ ስኳርና ከሰው መነጠል በሁለቱም ዝርዝሮች ውስጥ አሉ።

ከሮድስ ራንች ሲታይ

ሮድስ ራንች በላስ ቬጋስ ደቡብ ምዕራብ፣ በጎልፍ ሜዳ ዙሪያ የተሠራ፣ መግቢያው በጥበቃ የሚዘጋ የመኖሪያ መንደር ነው። ከዚያ ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት ገደማ የነዳ ሰው፣ ፍራንክ ጌሪ የነደፈው የክሊቭላንድ ክሊኒክ ሉ ሩቮ የአንጎል ጤና ማዕከል ደጃፍ ይደርሳል። በዓለም የታወቀ የአንጎል ሕክምና ቅርብ ነው ማለት ነው። በመንደሩና በማዕከሉ መካከል ያለው ርቀት የኪሎ ሜትር ሳይሆን የአኗኗር ርቀት ነው።

በዚህች ከተማ ታክሲ የሚያሽከረክረው፣ ካሲኖ ውስጥ ካርታ የሚያድለው፣ የሆቴል ክፍል የሚያጸዳው ወገናችን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሌሊት ነው። ፀሐይ በሞላበት በረሃ መጋረጃ ዘግቶ ቀን ይተኛል፤ ጥቁር ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ እንደሚፈልግ እናውቃለን። ባልና ሚስት በተለያየ ፈረቃ ሲሠሩ የሚገናኙት በር ላይ ነው። ጋራዡ ተከፍቶ በሚዘጋበት መንደር ጎረቤት ቡና አይጠራራም። ሐምሌ 7 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ላስ ቬጋስ 48.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሳ የራሷን ክብረ ወሰን ሰብራለች፤ በእንዲህ ያለ ሙቀት የደም ግፊት መድኃኒት እየወሰደ ውኃ ሳይቀምስ የሚጾም ሰው ሲነሣ ቢያዞረው የሚገርም አይደለም። የካሲኖ ጫጫታ ጆሮን ያደክማል፤ የመስሚያ መሣሪያ ማድረግን ግን የእርጅና ምስክር አድርገን እንሸሸዋለን።

ትምህርትንም እናስብ። ዛሬ ስድሳ ዓመት የሚጠጋው ትውልድ ልጅነቱን ያሳለፈው በአብዮቱ፣ በቀይ ሽብርና በስደት ዘመን ነው። ከትምህርት ገበታ የተነሣው በስንፍና ሳይሆን በታሪክ ግፊት ነበር። ስለዚህ «ራስህን ጠብቅ» የሚል ምክር ብቻውን ፍትሐዊ አይደለም። ፈረቃን፣ ሙቀትንና የተቋረጠ ትምህርትን ግለሰብ ብቻውን አይለውጣቸውም።

በሩ የሚዘጋበት ቦታ

ሕመሙ በሥራ ዕድሜ ሲመጣ የመጀመሪያው ምልክት ሁልጊዜ መርሳት አይደለም፤ የጠባይ፣ የንግግር ወይም የማየት ለውጥ ሊሆን ይችላል። አሠሪው የሚያየው ቸልተኝነት ነው። ሰውየው ከሥራ ይባረራል፤ ምርመራው የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ይሆናል። የሶሻል ሴኩሪቲ የአካል ጉዳት ዋስትና በአብዛኛው ከመታመም በፊት በነበሩት 10 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 5 ዓመት ያህል ግብር የተከፈለበት ሥራ ይጠይቃል። ከተባረረ በኋላ ሥራ ያላገኘ፣ ወይም በራሱ መኪና እየሠራ ገቢውን ዝቅ አድርጎ ያስመዘገበ ሰው ይህ መብት ሳያውቀው ሊያመልጠው ይችላል።

መብቱ ቢኖረውም ይጠብቃል። መሥሪያ ቤቱ በወጣትነት የሚጀምርን አልዛይመር በፈጣን ውሳኔ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል፤ ውሳኔው መፍጠኑ ግን የክፍያውን ቀን አያቀርበውም። ክፍያ ከመጀመሩ በፊት አምስት ወር፣ ከዚያም ሜዲኬር ከመጀመሩ በፊት 24 ወር አለ፤ በድምሩ 29 ወር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የተጀመረውና ለዲሜንሺያ ሕሙማንና ለአስታማሚዎቻቸው ድጋፍ የሚሰጠው «ጋይድ» የተባለ ፕሮግራምም ሜዲኬር ለያዙ ብቻ ነው። ኤኤልኤስ ለተባለው የነርቭ ሕመም ኮንግረስ ሁለቱንም የጥበቃ ጊዜዎች አንሥቷል። ከ65 ዓመት በፊት ለሚጀምር ዲሜንሺያ ያልተነሡበት ሕክምናዊ ምክንያት አይታየኝም። ሁለቱም ፈውስ የሌላቸው፣ ሠራተኛን ከሥራው የሚነጥቁ ሕመሞች ናቸው።

ምርመራውም የራሱ ወጥመድ አለው። «ዘንድሮ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ተብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በትክክል የመለሰ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እንደተሳሳተ ሊመዘገብ ይችላል። «ሰዓት ሣልና ዐሥራ አንድ ከዐሥር አድርገው» ሲባል አስተርጓሚው እንደ እኛ ልማድ «አምስት ከዐሥር» ብሎ ቢተረጉም፣ ታካሚው መርፌውን የት ያድርግ? ጤነኛው ታማሚ፣ ታማሚውም «ቋንቋ ነው» ተብሎ ጤነኛ ሊባል ይችላል።

ምን እንጠይቅ? ምንስ እናድርግ?

ከመንግሥት ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ የ29 ወሩ ጥበቃ እንደ ኤኤልኤስ ሁሉ ከ65 ዓመት በፊት ለሚጀምር ዲሜንሺያም ይነሣ። ሁለተኛ፣ የፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ባወጣው የዘርና የብሔረሰብ መረጃ መመሪያ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው በዝርዝር ምድብነት ገብቷል። የኔቫዳና የክላርክ ካውንቲ የጤና መዛግብት ይህን በተግባር እንዲያውሉት እንወትውት። «ጥቁር» በሚለው አንድ ሣጥን ውስጥ ሆነን የስኳራችንን፣ የስትሮካችንንና የዲሜንሺያችንን መጠን ማንም አያውቀውም፤ ያልተቆጠረ ሕመም ደግሞ በጀት አይያዝለትም።

ከራሳችን የሚጠበቀው ቀለል ይላል። ዕድሮቻችን ቀብርን በማስፈጸም የተካኑ ናቸው። ያንኑ የስም መዝገብ ይዘው በዓመት አንድ ጊዜ ስኳር፣ የደም ግፊትና ጆሮ የሚለካበት ቀን ቢያዘጋጁ፣ ለሌሊት ሠራተኛ በሚመች ሰዓት ቢያደርጉት፣ ከዝርዝሩ ቢያንስ ሦስቱን ሁኔታዎች ይደርሱባቸዋል። አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ጸሎቱንና ጠበሉን ሳይተዉ «ሐኪምም ይየው» ቢሉ ዓመታት ይተርፋሉ፤ መርሳት የመሰለ ችግር አንዳንዴ የሚታከም የቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ መዛባት ወይም ድብርት ሆኖ ይገኛልና። የሒሳብና የሕግ ባለሙያዎቻችን ደግሞ ለታክሲ ነጂው ግብር ሲሠሩለት፣ ዝቅ ያለ ገቢ የዛሬን ግብር ቢቀንስም የነገን ዋስትና እንደሚቀንስ ይንገሩት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይህ ሕመም ዛሬ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ በጊዜ የተነገረ እንደሆነ ግን ሰውየው ከሥራ ተባራሪ ሳይሆን ባለመብት ሆኖ ይታመማል። ለቤተሰቡ ይህ ልዩነት ቤቱን ማቆየት ወይም ማጣት ነው።