የጉልበት ሕመም ሁሉ ወለምታ አይደለም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። አባባሉ ወቀሳውን የሚጥለው በሕመምተኛው ላይ ነው። ይሁን እንጂ ሌላ ሕመም መስሎ ራሱን የሚደብቅ በሽታም አለ። በወጣቶች ላይ የሚነሣው የአጥንት ካንሰር ከነዚህ አንዱ ነው።

አዘዞ ላይ ኳስ ሲጫወት የዋለ የ15 ዓመት ልጅ ጉልበቴን አመመኝ ቢል፥ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚያስበው ወለምታን ነው። አብዛኛውን ጊዜም አይሳሳትም። ኦስቲዮሳርኮማ የሚባለው ዋነኛው የአጥንት ካንሰር በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ወጣቶች መካከል የሚይዘው ከ10 ብዙም አይበልጥምና። ነገር ግን በሽታው በብዛት የሚነሣው አጥንት ፈጥኖ በሚያድግበት ዕድሜ፥ ያውም በጉልበት አካባቢ ስለሆነ፥ ከጨዋታ ጉዳት ለመለየት ያስቸግራል።

ለዚህ ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ ምስክር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 በመኪና አደጋ ጉልበቱ ተጎድቶ ነበርና፥ ሕመሙ ሲመለስበት የቅርጫት ኳስ ውድድሩ እስኪያልቅ ታገሠ። በ1977 ካንሰር መሆኑ ታውቆ በ18 ዓመቱ ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። በ1980 በሰው ሠራሽ እግር 143 ቀን ሮጦ ለካንሰር ምርምር ገንዘብ አሰባሰበ፤ በሽታው ወደ ሳንባው ተዛምቶ በ1981 ሞተ። አደጋው ካንሰሩን አላመጣውም፤ ሸፈነው እንጂ።

በሽታው ሌላም መልክ አለው። ዩዊንግ ሳርኮማ የተባለው ዓይነት ትኩሳትና ክሳት ስለሚያስከትል የአጥንት ማመርቀዝ ይመስላል። አንዳንዱ የሚታወቀው ልጁ በቀላሉ ወድቆ አጥንቱ ሲሰበር ነው። በዳሌ አጥንት የበቀለ ዕጢም ሕመሙን በጉልበት ሊያሰማ ይችላል።

እግር በመቁረጥ ብቻ ይታከም በነበረበት ዘመን ከ5 ሕሙማን 4ቱ ያህል ይሞቱ ነበር። ዛሬ መድኃኒቱና ቀዶ ሕክምናው በተሟላበት አገር፥ በሽታው ሳይዛመት ከተደረሰበት፥ ከ3ቱ 2ቱ ገደማ ይድናሉ። እንግዲህ የጠፋ ጊዜ የጠፋ ሕይወት መሆኑ ግልጽ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው ዕቅድ በ2030 ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑት የካንሰር ሕሙማን ሕፃናት እንዲድኑ አስቧል። ለዚህ መድኃኒትና ባለሙያ ማስፈለጉ አያጠያይቅም። ነገር ግን ከሆስፒታል በር በፊት የሚጠፋው ጊዜም ሊታሰብበት ይገባል። ለሰሜን ተራሮች ገበሬ እንቅፋቱ መንገዱ ነው። ከጎንደር አጠገብ ላለው አዘዞ ግን እንቅፋቱ «ወለምታ ነው፥ ይታሽ» የሚለው አሳብ ነው። ወጌሻው የሚያውቀውን ሙያ ይሠራል፤ አጥንት ውስጥ ያለውን ግን በእጁ ሊያይ አይችልም።

በእንግሊዝ አገር ምክንያቱ ያልታወቀ የአጥንት ሕመም ወይም እብጠት ያለበት ልጅ በ48 ሰዓት ውስጥ ራጅ እንዲነሣ መመሪያ አለ። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር የላከ ከተማ ነው። ስለዚህ መምህሩ፥ የጤና ባለሙያውና የቀበሌው ሹም አንድ ቀላል ደንብ ቢያስተምሩ አይከብዳቸውም፤ ይኸውም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፥ ሳምንታት አልፈውት የማይሻል ወይም እብጠት ያለበት የአጥንት ሕመም ከመታሸቱ በፊት ራጅ ይነሣ የሚል ነው። ከመቶ ልጆች ዘጠና ዘጠኙ ደኅና ሆነው ቢመለሱ ድካሙ ከንቱ አይደለም፤ ለቀረው አንድ ልጅ ግን ጊዜው ሕይወቱ ነው።