ያሳደገው ሠፈር ስም የት ገባ?

የጃን ሜዳ አገር አቋራጭ ውድድር በተቃረበ ቁጥር፣ የክልሎችና የክለቦች ሻምፒዮና የቀን ሰሌዳም በወጣ ቁጥር፣ አንድ የቆየ ጥያቄ አብሮ ብቅ ይላል። ይህ ስፖርተኛ የሚሰለፈው በማን ስም ነው? በተወለደበት ወረዳ ነውን? በሚኖርበት ከተማ ነውን? ወይስ ደመወዝ በሚከፍለው ክለብ? ጥያቄው ለፌዴሬሽን ጸሐፊዎች የሚተው የወረቀት ጉዳይ የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። እኛ በዚህ አመለካከት አንስማማም። በጀት የሚመደበው፣ ሜዳ የሚከለለው፣ አሠልጣኝ የሚቀጠረው በውጤት መዝገቡ ላይ ስሙ ለሰፈረው ወገን ነው። ስሙ ያልሰፈረው ወገን ግን ልጁን አሳድጎ ሲያበቃ ሜዳው ለመጋዘን ቢሰጥበት እንኳ የሚከራከርበት ማስረጃ አይኖረውም።

እንደሚታወቀው አቃቂ ቃሊቲ የሠራተኛ አምባ ነው። የምድር ባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት አቃቂን አቋርጧል፤ አቃቂ በሰቃም የዋና ከተማዋ ክፍለ ከተማ አካል ከመሆኗ በፊት የራሷ ስምና የራሷ ገበያ ያላት ከተማ ሆና ኖራለች። የጨርቃ ጨርቁ፣ የብረታ ብረቱና የመለዋወጫው ፋብሪካ የሰበሰበው ሠራተኛ ከአንድ አውራጃ የመጣ አይደለም። ከጉራጌ የመጣው ከወሎ ከመጣው ጋር በአንድ ፈረቃ ቆሟል፤ ከአርሲ የመጣችው ከጎጃም ከመጣችው ጋር በአንድ ዕድር አልቅሳለች። ልጆቻቸው በአንድ አቧራማ ሜዳ አንድ የጨርቅ ኳስ አባረዋል፤ በአንድ ዳገት ሮጠዋል። እንግዲህ ከእነዚህ ልጆች መካከል አንዷ ሯጭ ብትወጣ የማን ናት ሊባል ነው?

አንዳንዶች ፈጥነው «የትውልድ ቦታ ይወስን» ይላሉ። ቃሉ ሲሰማ ቀላል ነው። ነገር ግን «ትውልድ» ሲባል ብዙው ሰው የሚረዳው ልጅቷ የተወለደችበትን ጤና ጣቢያ ሳይሆን አያቷ የተቀበረበትን አገር ነው። በዚህ ዓይነት ከተኬደ አቃቂ አንድም ሯጭ አይኖራትም። የሠራተኛው ልጆች ሁሉ አይተውት ለማያውቁት አገር ይከፋፈላሉ፤ በአንድ አሠልጣኝ ሥር ያደጉ ሁለት ጓደኛሞች በአባታቸው ቋንቋ ተለይተው በሁለት ጎራ ይቆማሉ። ስፖርተኛን በዘር ሐረግ ማደል ከስፖርት ሕግም ከፍርድም የራቀ አሠራር ስለሆነ በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያሻም።

«የመኖሪያ ቦታ ይወስን» የሚለው የተሻለ ነው። ችግሩ ሰው ባለበት ቆሞ ወሰን የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የኦሮሚያ ክልል የአስተዳደር ወሰናቸውን በስምምነት ሲያካልሉ ኮዬ ፈጬን የመሰለ ሰፊ የጋራ መኖሪያ መንደር ወደ ኦሮሚያ ገብቷል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙ ከተሞች ተጣምረው የሸገር ከተማ ተመሥርቷል። የወሰኑ ውሳኔ ለሌላ ጽሑፍ የሚሆን ነው። እዚህ የምናነሳው በዚያ መንደር በአራተኛ ፎቅ የምትኖር አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት እንበል፤ ጠዋት የምትሮጥበት መንገድ ያው ነው፣ አሠልጣኟም ያው ነው፣ የሩጫ ጫማዋን ያዋጣላት ሠፈርም ያው ነው፤ የምትወክለው ወገን ግን በአንድ ክረምት ሊቀየር ይችላል። የመኖሪያ መታወቂያ ብቻውን ዳኛ ሊሆን የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ወገን ክለቡ ነው። እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል እንዳንሆን እንጠንቀቅ። ለስፖርተኛው ደመወዝ የሚከፍለው፣ ሐኪም የሚያቀርበው፣ ጉዳት ሲደርስበትም የማይጥለው ክለቡ ነው። የአገራችን አትሌቲክስ የቆመውም በእነዚህ ክለቦች ትከሻ ላይ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲያሸንፍ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ምሩጽ ይፍጠር የአየር ኃይል ሰው ነበር። ለተሰንበት ግደይ በትራንስ ኢትዮጵያ ክለብ ተኮትኩታ በ2014 ዓ.ም. በኦሪገን የዓለም ሻምፒዮና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አምጥታለች። ክለቡን ከመዝገብ እንፋቅ የሚል ካለ አብረን አንቆምም።

ሆኖም ክለቡ የሚደርሰው መቼ ነው? ልጁ ከታየ በኋላ ነው። ከመታየቱ በፊት የነበሩት አምስትና ስድስት ዓመታት የሠፈሩ፣ የትምህርት ቤቱና ያለ በቂ አበል የሚሠራው የፕሮጀክት አሠልጣኝ ናቸው። በኢትዮጵያ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ክልሎች፣ የከተማ አስተዳደሮችና ክለቦች በአንድ መድረክ ይወዳደራሉ። ልጅቷ ክለብ ስትገባ ነጥቧ ሁሉ ተጠቅልሎ ለክለቡ ይመዘገባል። ያሳደጋት ክፍለ ከተማ ግን «አቃቂ ቃሊቲ ምን ሠራ?» ተብሎ ይጠየቃል። የሠራው ነገር እኮ እላይ ተቀምጧል፤ በሌላ ስም።

ይህን ቋጠሮ የፈቱ አገሮች አሉ። በሶቪየት ኅብረት ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የሕዝቦች ስፓርታኪያድ ሪፐብሊኮቹ፣ እንዲሁም ሞስኮና ሌኒንግራድ ለየብቻ ይሰለፉ ነበር፤ አንድ ስፖርተኛ የአንድ የስፖርት ማኅበር አባል ሆኖ ለሪፐብሊኩም ይወዳደር ነበር። በዛሬዋ ሩሲያም «ትይዩ ነጥብ» የሚሉት አሠራር አለ፤ ሁለት ክልሎች በስምምነት አንዱን ስፖርተኛ ለሁለታቸውም ያስቆጥራሉ። በቻይና ብሔራዊ ጨዋታዎች የጦር ሠራዊቱ ስፖርተኛ ያገኘው ሜዳሊያ ለሠራዊቱም ለላከው ክፍለ ሀገርም የተቆጠረበት ጊዜ አለ። እነዚህ አገሮች የደረሱበት ቁም ነገር አንድ ነው፤ የአንድ ሰው ድካም ሁለት ባለቤት ሊኖረው ይችላል፣ አንዱን ለማክበር ሌላውን መዝረፍ የግድ አይደለም።

የአውስትራሊያው ታሪክ ደግሞ ለብቻው ቢነገር ያንሰዋል። በዚያ አገር የኩዊንስላንድ ራግቢ ተጫዋቾች ገንዘብ ወዳለባቸው የሲድኒ ክለቦች ይሄዱ ነበር፤ ደንቡ በመኖሪያ የሚወስን ስለነበር ክልሎቹ ሲጋጠሙ እነዚያው ልጆች ባሳደጋቸው ክልል ላይ ይሰለፉ ነበር። ኩዊንስላንድ ዓመት በዓመት ይሸነፋል፤ የሚያሸንፉት ራሱ ያሳደጋቸው ናቸው። በ1972 ዓ.ም. ሁለቱ ጨዋታዎች በአሮጌው ደንብ ተካሂደው ኒው ሳውዝ ዌልስ ሁለቱንም ካሸነፈ በኋላ፣ ሦስተኛው ጨዋታ ለሙከራ ያህል «እያንዳንዱ ለበቀለበት ይጫወት» ተብሎ ተፈቀደ። ብዙዎች እንደ ትርኢት ቆጥረው አሾፉበት። ምሩጽ በሞስኮ ሁለት ወርቅ ባጠለቀበት በዚያው ሐምሌ፣ በወሩ የመጀመሪያ ቀን፣ የ35 ዓመቱ አርተር ቢትሰን የኩዊንስላንድን ማሊያ ለብሶ፣ በሲድኒ አብሮት በአንድ ክለብ የሚጫወተውን ባልደረባውን ገጥሞ ቡድኑን በአምበልነት መራ። ኩዊንስላንድ 20 ለ10 አሸነፈ። ለሙከራ የተጀመረው ግጥሚያ ዛሬ የዚያ አገር ታላቅ የስፖርት በዓል ነው። ክለቦቹም አልከሰሩም፤ በሳምንቱ ተጫዋቾቻቸውን መልሰው አግኝተዋል።

ስም ብቻ አይበቃም ለሚል ደግሞ የእግር ኳሱ ዓለም መልስ አለው። ፊፋ በ1993 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች በውል ዘመኑ መካከል በገንዘብ ሲዛወር፣ ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። አምስት በመቶ ለትልቅ ክለብ ምንም አይደለም፤ ለአንድ የሠፈር ቡድን ግን የዓመት ኳስና ማሊያ ነው።

አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ ግን ክርክራችን ጎዶሎ ይሆናል። ስፖርተኛው ዕቃ አይደለም። ያሳደገው ሠፈር ስሙን ሊጠይቅ ይችላል፤ ዕድሜ ልኩን አስሮ ሊይዘው ግን አይችልም። በአዳማ ተወልዳ በ2000 ዓ.ም. በስደተኝነት ኔዘርላንድስ የገባችው ሲፋን ሐሰን ሩጫዋን ያደላደለችው በዚያ አገር ነው፤ በቶኪዮ ሁለት ወርቅና አንድ ነሐስ፣ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በፓሪስ የማራቶን ወርቅ ለዚያው አገር አስገኝታለች። በቁጭት የምናነሳት ሁሉ ይህን ማስታወስ ይገባናል። በሌላ በኩል ሯጭን እንደ ሸቀጥ የሚገዙ አገሮች ስለበዙ የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በጥር 2009 ዓ.ም. የዜግነት ዝውውርን አግዶ፣ በ2010 ዓ.ም. እግዱን ሲያነሳ የሦስት ዓመት መቆያና የ20 ዓመት ዝቅተኛ ዕድሜ ደንግጓል። የራስ ፈቃድና የመቆያ ጊዜ አብረው መሄድ እንደሚችሉ ከዚህ እንረዳለን።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። በክልሎችና በከተማ አስተዳደሮች መካከል በሚደረግ ውድድር ስፖርተኛው መጀመሪያ ሠልጥኖ የተመዘገበበትን ሠፈር ይወክል። በክለቦች ውድድር የክለቡን ማሊያ ይልበስ። ሁለቱ በአንድ መድረክ ሲገናኙ ነጥቡ ለሁለቱም ይቆጠር። ስፖርተኛው ዕድሜው 18 ዓመት ሲሞላ ወካይነቱን መቀየር ከፈለገ አንድ የውድድር ዘመን ጠብቆ ይቀይር። የትውልድ ሐረግ የሚል መጠይቅ ከቅጹ ላይ ይሰረዝ።

ይህ አሠራር ሊቆም የሚችለው ግን ማስረጃ ሲኖር ነው። ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ አንዲት ልጅ ሩጫ የጀመረችው መቼ፣ በየትኛው ሜዳና በማን አሠልጣኝነት እንደሆነ ቢጠየቅ መልሱ ያለው በሰዎች ትዝታ ውስጥ ነው። የሠፈር ማኅበራትና የፋብሪካ ሠራተኛ ማኅበራት በየአካባቢያቸው የሚሠለጥኑ ታዳጊዎችን ስም፣ ዕድሜ፣ የጀመሩበትን ቀንና የአሠልጣኛቸውን ስም ከዚህ መስከረም ጀምሮ መመዝገብ ይችላሉ። መዝገቡን ለመክፈት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ አንድ የዕድር ጸሐፊ፣ አንድ ጠንካራ ደብተርና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይበቃል።