«ሰይጣን ቤት» የትኛው ነው?

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ስፍራ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። ነገር ግን መኪናው ብረትና መስተዋት ነው እንጂ ሰይጣን አልነበረም፤ ክፋቱ የሚገኘው ለክፉ ገበያ በሚያውለው ሰው ዘንድ ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 በአሜሪካ «ዲፕ ስሮት» የተባለ የዝሙት ፊልም ወጣ፤ ብዙ ሰውም ተሰልፎ አየው። ዋና ተዋናይቱ ሊንዳ ቦርማን ግን በ1980 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ባልዋ እየደበደበና በጦር መሣሪያ እያስፈራራ እንዳስገደዳት ገለጸች፤ በ1986ም በመንግሥት ኮሚሲዮን ፊት ቀርባ መሰከረች። እንግዲህ ተመልካቹ ደስታ መስሎት ገንዘብ የከፈለበት ነገር፣ እንደ ምስክርነትዋ፣ የአንዲት ሴት መከራ ነበር።

«በቤቴ ብቻዬን ባይ ማንን እበድላለሁ?» የሚል ሰው መልሱን ከዚህ ያገኛል። ገዢ ባይኖር ሻጭ ባልኖረም ነበርና። በእኛ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 640፣ እንዲህ ያለውን ነውር የሚሠራውንና የሚያሰራጨውን ይቀጣል። ዳሩ ግን የልደታ ፍርድ ቤት ዳኛ በየሰው ኪስ ያለውን ስልክ ሌሊት ሌሊት ሊመረምር አይችልም፤ ይህ የንስሐ አባትና የወላጅ ሥራ ነው።

በዚያው ሰፈር የልደታ ማርያም ምእመናን ግንቦት 1 ቀን የሚያከብሩት የሐናና የኢያቄም ልጅ የተወለደችበትን ዕለት ነው። በሴት ልጅ መወለድ ቀን እልል ያለ ሰው፣ ማታ በሌላይቱ ልጅ ውርደት ቢደሰት፣ እልልታው ከንቱ ነው፤ እርስዋንም የወለዱ እናትና አባት አሉና።