አዲስ ወይስ ያገለገለ? የሚቆምበትን ቀን ቁጠሩ

ታላቅ ወንድሜ አሥር ዓመት ገደማ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ ዘንድሮ «በቃ፣ የራሴን እገዛለሁ» ብሎ ተነሳ። ዕቁቡ ደርሶታል። ከቁጠባው ጋር ሲደመር ያገለገለ የጭነት አይሱዙ በጥሬ ገንዘብ ይገዛለታል። አዲስ ከፈለገ ግን የጎደለውን ከባንክ መበደር አለበት፤ መያዣ የሚሆነው ደግሞ የእማዬ ቤት ነው። እሁድ ምሳ ላይ ነገሩ ሲነሳ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረህ የለ? እስቲ ንገረን» አለኝ። ተመርቄ ሥራ ስፈልግ እንኳ እንዲህ ያለ ከባድ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም።

መጽሐፉ የሚለው ቀላል ነው። አዲስ መኪና ከሻጩ ግቢ በወጣበት ቀን ዋጋው ይወርዳል፤ ስለዚህ ያንን ኪሳራ ሌላ ሰው ይሸከም፣ አንተ ሁለት ሦስት ዓመት የሠራውን ግዛ። ለአሜሪካ ገዢ ጥሩ ምክር ነው። እኛ ጋ ግን ያገለገለ መኪና ዋጋው መቼ ወርዶ ያውቃል?

የማይወርድበት ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ከውጭ ሲገቡ እንደ ዓይነታቸውና እንደ ዕድሜያቸው እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለባቸው። ቀጥሎ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ሲወደድ እዚህ ያለውም አሮጌ አብሮ ተወደደ። ከዛ በፊት የገዛ ሰው ዛሬ ከገዛበት በላይ ሸጦ «መኪናዬን ሠራሁበት፣ ሸጬም አተረፍኩ» ይላል። ልክ ይመስላል። ግን ያ ሰው በሸጠበት ብር ያንኑ መኪና አዲሱን ልግዛ ቢል አይችልም። የጨመረው የብር ቁጥሩ ነው፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ በየቀኑ ሲያልቁ ነው የኖሩት። ያለቀውን የሚረከበው ገዢው ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ገዢው ወንድሜ ነው።

ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ አንድ ጽሑፍ አወጣ። በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋናው ይሄ ነው። ሐሳቡን ማንኛውም ደላላ ያውቀዋል፦ ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለሚፈራ መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዛ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ላይ የሚቀረው በአብዛኛው ባለቤቱን ያስመረረ ነው። ቴሌግራም ላይ የምናያቸውን ማስታወቂያዎች አስቡ። ሁሉም «በጣም ንጹህ» ነው። ሁሉም «ገብታችሁ የምትነዱት» ነው። የሁሉም ባለቤት ውጭ ሊሄድ ቸኩሏል። (ይህን ሁሉ ሰው የሚችል አውሮፕላን ከየት እንደሚመጣ እንጃ።)

ስለዚህ ከዋጋው በፊት «ለምን ይሸጣል?» ብዬ እጠይቃለሁ። በቀን ጥሩ የሚያስገባ መኪና ያለ ምክንያት አይሸጥም። የውርስ ክፍፍል፣ ፍቺ፣ ዕዳ ከሆነ ይገባኛል። ምክንያቱ ካልተገኘ ምክንያቱ መኪናው ውስጥ ነው ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ቁጥሮቹ ለማስያ ያህል የያዝኳቸው ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ተኩባቸው። መኪናው በሠራበት ቀን ከናፍጣና ከረዳት ተርፎ 10 ሺህ ብር ያስገባል እንበል። አሮጌው በወር 6 ቀን ጋራዥ ይውላል፣ አዲሱ 1 ቀን። ልዩነቱ በዓመት 60 ቀን፣ ማለትም 600 ሺህ ብር ነው። የመለዋወጫውን ገና አልደመርኩም፤ ሶማሌ ተራ ለፖምፓና ለኖዝል ተመላልሶ የሚያውቅ ይደምረው። በሌላ በኩል 3 ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ፣ በአምስት ዓመት ለመክፈል ብትበደሩ፣ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 500 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል።

ወንድሜ 500 ሺህ ሲሰማ ደነገጠ። 600 ሺሁን ግን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሰውም እንዲሁ ነን። ወለድ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ ይመጣል። ጋራዥ የቆመ መኪና ደረሰኝ የለውም። «ዛሬ አልወጣሁም» ይባልና ይታለፋል።

ታዲያ አዲሱን ይግዛ? እኔም መጀመሪያ እንደዛ ልል ነበር። ያቆመኝ የየወሩ ክፍያ ነው። በያዝነው ቁጥር በወር 76 ሺህ ብር ገደማ ይመጣል፤ ከወሩ ሰባት ስምንት ቀን የሚሠራው ለባንክ ነው ማለት ነው። ሥራ ካለ ችግር የለውም። ግን በጸጥታ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ፣ ናፍጣ ሰልፍ ላይ ሁለት ቀን ሲታደር ባንኩ አይጠብቅም። አሮጌው መኪና ሲቆም የዕለት ገቢ ይቀራል። አዲሱ በዕዳ ተገዝቶ ከቆመ እማዬ ቤቷን ነው የምታጣው። ከፋብሪካ ወይም ከነጋዴ ጋር የዓመት የጭነት ውል ያለው ሰው አዲሱን በብድር ቢገዛ አልከራከረውም። ወንድሜ ግን ጭነት የሚያገኘው በደላላ፣ በዕለቱ ዕድል ነው።

ስለዚህ ያገለገለ ግዛ አልኩት፤ ግን ያለህን ሁሉ እንዳትሰጥ፣ ከገንዘብህ ሩቡ እጅህ ላይ ይቅር። የብዙ ሰው ስህተት ኪሱን አሟጦ መግዛቱ ነው። በሁለተኛው ወር ሞተር ሲወርድ ማሠሪያ የለም፤ መኪናው ሦስት ወር ይቆማል፣ ከዛ በኪሳራ ይሸጣል። «ገብታችሁ የምትነዱት» ተብሎ ቴሌግራም ላይ የሚመጣው እሱ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፤ ዕዳና እግድ እንደሌለበት ፋይሉ ባለበት መንጃና ተሽከርካሪ ቢሮ አረጋግጡ። በውክልና ብቻ አትግዙ፤ ወካዩ ቢሞት ውክልናው ያበቃል፣ እናንተም ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ትመላለሳላችሁ። ውልና ማስረጃ ተፈራርማችሁ ስም አዙሩ። የሚነበበውን ኪሎ ሜትር እርሱት፤ ይልቅ የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ በጠዋት ሂዱ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ እናንተ ፊት ይነሳ። ሰማያዊ ጢስ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ሞቆ ከጠበቃችሁ ብዙ ነገር ተደብቋል።

ወንድሜ አኮረፈ። «ገንዘቤን ባንክ አስቀምጬ የባሰ አሮጌ ልንዳ?» አለኝ። ሰሞኑን ግን ለቅዳሜ አንዱን ቀጠረ፣ እኔንና መካኒኩን ይዞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ደረስን። ሻጩ ጃኬቱን ደርቦ ቆሞ ይጠብቀናል። «ከትናንት ማታ ጀምሮ አልተነሳም፣ እዩት» አለን። መካኒኩ ጋቢናውን አንስቶ ሞተሩን በእጁ ነካው፣ ቀጥሎ ወንድሜን ጠርቶ እጁን እንዲያደርግ ምልክት ሰጠው። ይሞቃል። ወንድሜ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሻጩን አመስግኖ ወጣ፤ ታክሲ ውስጥ እስክንገባ ድረስ ምንም አልተናገረም።