የሠርጋችን ብር ቱርቦ ውስጥ ይግባ?

የዛሬዋ ደብዳቤ የመጣችው ከአንዲት የ26 ዓመት ወጣት ነው። ስሟን እንዳናወጣ አደራ ብላናለችና አናወጣም። ነገሩ ባጭሩ ይኼ ነው። እሷና እጮኛዋ ሦስት ዓመት ሙሉ እቁብ እየጣሉ፣ ከምሳቸው እየቀነሱ አንድ ያገለገለች ፒክአፕ የሚገዛ ብር አጠራቅመዋል። ሐሳባቸው ሠርጉን በትንሹ አድርገው በመኪናዋ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ አዲስ አበባ ማመላለስ ነው። እስከዚህ ድረስ ተስማምተዋል። ጠቡ የመጣው በሞተር ነው። እሱ «ዲፎርዲ ቱርቦ ካልሆነች አልገዛም» ብሏል። በሹፌርነት ዕድሜያቸውን የፈጁት አጎቷ ደግሞ «ቱርቦ የሀብታም ዕቃ ነው፤ ፋይቭ ኤል ግዙና እንቅልፋችሁን ተኙ» ይላሉ። ቱርቦዋን ከገዙ እጃቸው ላይ አንድም ብር አይተርፍም። ፋይቭ ኤሏን ከገዙ ጥቂት ይተርፋቸዋል። «አጎቴን ብሰማ እሱ ያኮርፋል፤ እሱን ብሰማ መኪናዋ አንድ ሳምንት ብትቆም የምንበላው የለንም። ማንን ልስማ?» ትላለች።

እህቴ፣ ለጊዜው ሁለቱንም ተያቸው። መጀመሪያ ሞተሩን እንስማው።

ናፍታ ብቻውን አይነድም፤ አየር ይፈልጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩን የሚያገኘው እንደኛ ራሱ ስቦ ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ የውጪው አየር ይገባል፣ በቃ። ውጪ ያለው አየር ብዙ ከሆነ ብዙ ይጠጣል፣ ከሳሳም የሳሳውን ይጠጣል። ቱርቦ ማለት ደግሞ የአንጥረኛ ወናፍ ነው። ከሰሉ ያው ከሰል ነው፤ ወናፍ ሲነፋበት ግን ብረት ያቀልጣል። ይህን ወናፍ የሚነፋው ከሞተሩ ተቃጥሎ የሚወጣው ጢስ ነው። ጢሱ በማርሚታ በኩል ከመውጣቱ በፊት አንዲት ትንሽ መዘውር ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ያለችው መዘውር ደግሞ ንጹሑን አየር ጨምቃ ወደ ሞተሩ ታስገባለች። አየር ከበዛ ናፍታ መጨመር ይቻላል፤ ናፍታ ሲጨመር ጉልበት ይመጣል። ምሥጢሩ ይኼው ነው።

ነገሩ የዛሬ ፈጠራ እንዳይመስልሽ። አልፍሬድ ቢዩኺ የሚባል የስዊዘርላንድ መሐንዲስ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ለእኛ ለደገኞቹ ይበልጥ የሚጥመው ግን እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካ ውስጥ የሆነው ነው። ሳንፎርድ ሞስ የተባለ መሐንዲስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በከባድ መኪና አስጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ ላይ አወጣ። ተራራው 4300 ሜትር ገደማ ነው፤ ከራስ ዳሸን ትንሽ ዝቅ ይላል። ታች ሜዳ ላይ 350 ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እላይ ሲወጣ 230 ገደማ ሆኖ ቁጭ አለ። ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ቱርቦ ስሙን የተከለው ለሽቅድምድም ሳይሆን አየር ላጠረው ሞተር ትንፋሽ ለመመለስ ነው ማለት ነው።

እኛ ደግሞ የምንኖረው የት ነው? አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። መካኒኮች የሚጠቀሙበት ግምት አለ፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ በፋብሪካ ወረቀት ላይ 95 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈ ሞተር እዚህ ከተማ ውስጥ ከ75 ብዙም አይርቅ። ቀሪውን ከፍታው በልቶታል። ሚሌ የሚወርዱ ሹፌሮች «መኪናዬ ቆላ ስትገባ ትበራለች» የሚሉት ወደው አይደለም። መኪናዋ እኮ አልተለወጠችም፤ የምትተነፍሰው አየር ነው የወፈረላት።

እጮኛሽና አጎትሽ የሚጣሉባቸውን ሁለት ሞተሮች እንያቸዋ። የሚገርመው ሁለቱም የቶዮታ ሂሉክስ ሞተሮች፣ ሁለቱም 3 ሊትር ናቸው። ፋይቭ ኤል 2986 ሲሲ፣ ዲፎርዲው 2982 ሲሲ። ልዩነታቸው አንዲት የመርፌ ብልቃጥ አይሞላም። ጉልበታቸውን ስናይ ግን ሌላ ዓለም ነው። ፋይቭ ኤል የመጎተት ኃይሉ 200 ኒውተን ሜትር ገደማ ሲሆን ዲፎርዲው 343 ይሰጣል፤ ያውም ሞተሩ ገና በደቂቃ 1400 ሲዞር ጀምሮ። ፈረስ ጉልበቱም ከ160 በላይ ነው። ጭነት ይዞ ዳገት ላይ አንዱ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ሌላው በሦስተኛ ያልፈዋል። ቱርቦም ቢሆን ከፍታው ጨርሶ አይነካውም ማለት አይደለም፤ ግን የጎደለውን አየር ራሱ ነፍቶ አብዛኛውን ይሞላል። በዚህ በኩል እጮኛሽ እውነቱን ነው። ደጋ ላይ ቱርቦ ቅንጦት አይደለም።

አጎትሽም ከባዶ ተነሥተው አላወሩም። ድሮ የነበሩት ትንንሽ ቱርቦ ናፍታዎች፣ ለምሳሌ ባለ 2.4 ሊትሩ ቱ ኤል ቱርቦ፣ ሙቀት ሲበዛባቸው ቴስታታ በመሰንጠቅ የታወቁ ነበሩ። ያ ክፉ ስም እስከ ዛሬ ድረስ ይከተላቸዋል። ነገር ግን አንድ ነገር ይምታታል። ዛሬ «ዲፎርዲ አስቸገረኝ» የሚለውን ሰው ጠጋ ብለሽ ብትጠይቂው፣ ብዙ ጊዜ ያስቸገረው ቱርቦው አይደለም። ኖዝሉ ነው!

ፋይቭ ኤል ናፍታውን የሚረጨው በመካኒካል ፖምፓ ነው። ፖምፓው ቢያረጅም ይሠራል፣ ቢያጨስም ይሄዳል፤ ዕቃው ሶማሌ ተራ ሞልቷል፤ የሠፈር መካኒክም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ዲፎርዲ ግን ናፍታውን ከ1000 ባር በላይ በሆነ ግፊት በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ኖዝል ነው የሚረጨው። እንዲህ ያለ ኖዝል ውኃ የገባበት ወይም ቆሻሻ ያለው ናፍታ ከጠጣ ይበላሻል፤ ሲበላሽ ደግሞ በመዶሻና በቁልፍ አይዳንም፣ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ይጠይቃል። ሌላም አለ። ከኖዝሉ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ማፍሰስ ከጀመረች የተቃጠለው ጢስ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፤ ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይወፍርና ከታች ያለችውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል። ያኔ ቱርቦውም ሞተሩም ያለ ዘይት ይቀራሉ። ሰው ግን «ቱርቦው ገደላት» ይላል። ቱርቦው እኮ ሟች ነው፣ ገዳይ አይደለም።

የቱርቦው የራሱ ጠባይስ? ዘንጉ በደቂቃ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞራል፤ የሚዞረውም በስስ ዘይት ላይ ተንሳፎ ነው። ዘይት ካጣ በአጭር ጊዜ ያልቅለታል። ስለዚህ ዘይት በሰዓቱ መለወጥ የግድ ነው። እኔ ብሆን በየ5000 ኪሎ ሜትሩ እለውጥ ነበር፤ «ትንሽ ትሂድበት» የሚባል ነገር የለም። ጭነት ይዞ ዳገት ወጥቶ እንደ ደረሱ ቁልፉን ቀጭ ማድረግም ክልክል ነው። አንድ ሁለት ደቂቃ በፎሌ ትዙር፣ ትቀዝቅዝ። አለበለዚያ የጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል። ጠዋት አስነሥቶ ወዲያው በጩኸት መውጣትም እንደዚያው ነው። እዚህ ላይ ቁም ነገር ልጠይቅሽ፤ እጮኛሽ ምን ዓይነት ሰው ነው? ታጋሽ ነው? ስልክ ሲደወልለት ቡናውን ሳይጨርስ የሚነሣ ከሆነ ቱርቦ ከሱ ጋር አይስማማም። ሹፌር ቀጥራችሁ የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የባሰ ነው። የራሱ ያልሆነችን መኪና ሁለት ደቂቃ ቆሞ የሚያቀዘቅዝ ሹፌር ካገኛችሁ ደመወዙን ጨምሩለት።

ወደ መንገዳችሁ እንምጣ። የዚህ ዓይነት ጥያቄ መልስ መንገዱ ውስጥ ነው ያለው። መቂ ከአዲስ አበባ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ከፍታዋ ከ1600 ሜትር በላይ ነው። ስትሄዱ ባዶ ትወርዳላችሁ፣ ስትመለሱ ጭናችሁ ትወጣላችሁ። ዳገቱ ግን በሞጆ፣ በቢሾፍቱና በዱከም በኩል ቀስ እያለ የተዘረጋ ነው፤ እንደ ግድግዳ የቆመ አይደለም። ሥራችሁ በደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር የሚወጣ ቢሆን፣ ማለትም ከ3000 ሜትር በላይ፣ ያለማመንታት ቱርቦ እልሽ ነበር። ጎጃም መንገድ ላይ ዓባይ በረሃን፣ ከጎሃ ጽዮን ወርዳችሁ ወደ ደጀን የምትወጡ ቢሆንም እንዲሁ፤ እዚያ ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ መልሶ መውጣት አለ። ለመቂ መንገድ ግን 10 ኩንታል የጫነች ፋይቭ ኤል ትደርሳለች። ዲፎርዲዋ ትቀድማታለች፣ ቁልቁል የሚያያት ሁሉ ይቀድማታል፣ ግን ትደርሳለች። ሽንኩርት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ አይበላሽም። ቲማቲም በሌሊት ይጫናል።

10 ኩንታል ያልኩት ሆን ብዬ ነው። እነዚህ መኪናዎች የተሠሩት ለአንድ ቶን ገደማ ነው። «ቱርቦ ናት፣ ትችላለች» ተብሎ 18 ኩንታል የሚጫንባት መኪና ሞተሯ ቢችል ባሌስትራዋ፣ ፍሬኗና ፍሪሲዮኗ አይችሉም። ጉልበት ሲገኝ ሰው መጫን ያበዛል። ፋይቭ ኤል አንድ ጥሩ ጠባይ አላት፤ ሲበዛባት ራሷ እምቢ ትላለች።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። አንቺ በጻፍሽልኝ ሁኔታ፣ ለዚህ መንገድ፣ በዚህ ብር፣ ፋይቭ ኤሏን ግዙ። ይህን የምለው ቱርቦ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። በተሻለው ሞተርና በእጅ ባለው ብር መካከል ስለወደቃችሁ ነው። አራት ኖዝል የሚያስለውጥ መጠባበቂያ ሳይኖር ያገለገለች ዲፎርዲ መግዛት መኪና መግዛት ሳይሆን ዕጣ መቁረጥ ነው። ሁለት ዓመት ሠርታችሁ ስታተርፉ ሽጧትና ቱርቦዋን ግዙ፤ ያኔ እጮኛሽ ባልሽ ሆኗል፣ መኩረፊያም የለውም። ለአሁኑ እንዲህ በዪው፤ «አንተ ስለ ዳገቱ ልክ ነህ፣ አጎቴ ስለ ኪሳችን ልክ ነው።» ወንድ ልጅ ልክ ነህ ሲባል ግማሹ ኩርፊያ ይበርድለታል።

በደብዳቤሽ ግርጌ «ሲንግል ጋቢና ከሆነች በሠርጋችን ቀን ሚዜዎቹ የት ይቀመጣሉ?» ብለሻል። ሚዜዎቹ የሰው መኪና ይለምኑ! ከኋላዋ ቪዲዮ ቀራጩን አቁሙበት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ ሥራ ፒክአፕ ተከራይቶ የሚደግስ ስንቱ ነው።

ሁለት ነገር አስጠነቅቃለሁ። እጮኛሽ ፋይቭ ኤሏን ከገዛ በኋላ «ቱርቦ እናስገጥምባት» ማለቱ አይቀርም፤ የሚገጥምም አይጠፋም። እንዳትፈቅጂ። ፋይቭ ኤል አየሩን የሚጨምቀው 22 ለ1 ገደማ ነው፤ ዲፎርዲው ግን 18 ለ1 ገደማ ብቻ፤ ይህም የሆነው ቱርቦው አስቀድሞ እንደሚጨምቅለት ታስቦ ነው። ድሮም በኃይል በሚጨምቅ ሞተር ላይ ወናፍ ጨምረሽ ስትነፊበት መጀመሪያ ጓርኒሲዮኑ፣ ቀጥሎ ቴስታታው ይሄዳል። ሁለተኛው ደግሞ ፖምፓውን ማስከፈት ነው። «ትንሽ ናፍታ ልጨምርላት፣ ትፈጥናለች» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ መሣሪያውን ይሰብስብ። እዚህ ከፍታ ላይ ያጠረው አየር እንጂ ናፍታ አይደለም። የተጨመረው ሳይቃጠል ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ብራችሁም አብሮ።

ልትገዙ ስትሄዱ ለደላላው ሳትነግሩ በጠዋት ድረሱ፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዲጠብቃችሁ። እጅሽን አስጠግተሽ ሙቀት ከተሰማሽ አስቀድመው አስነሥተዋታል፤ ምክንያቱን ጠይቂ። ስትነሣ ሰማያዊ ጢስ ካወጣች ዘይት ትበላለች። ነጭ ጢስ ከሞቀች በኋላም ካላቆመ ራዲያተሩንና ቴስታታውን ጠርጥሩ። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያ ክዳኑን ክፈቱት፤ እንደ ጀበና እየተነፈሰ ክዳኑን የሚያስዘልል ከሆነ ፒስተኖቹ አልቀዋል። ምናልባት ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ቱርቦ የምታዩ ከሆነም ወደ ቱርቦው የሚገባውን የአየር ቱቦ አስፈቱና መካኒኩ ዘንጉን በጣቱ ያነቃንቀው። ወደ ጎን ትንሽ ብትነቃነቅ ጤና ነው፤ ወደ ውስጥና ወደ ውጪ ከተመላለሰች ወይም መዘውሯ ግድግዳውን ከነካች አልቃለች።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሞተር ቁጥር ሞተሩ ላይ ከተመታው ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያዩ። ሞተር የተለወጠባት መኪና መሆኗ ብቻውን ነውር አይደለም፤ ካልተመዘገበ ግን ስም ማዛወሩ ላይ የምትንከራተቱት እናንተ ናችሁ።