«አይዲህ አጠራጥሮናል» ማለት የሚቻለው መቼ ነው?

«መታወቂያህ አላሳመነንም» ብሎ አንድ መጠጥ ቤት ደንበኛውን ከበር መመለስ ይችላል ወይስ አይችልም? ይህ ጥያቄ በወገኖቻችን መካከል ከሁለት አቅጣጫ ይነሣል። አንደኛው ጠያቂ ሬስቶራንት፣ ግሮሰሪ ወይም ሊከር ስቶር ከፍቶ ቢራና ወይን የሚሸጠው ነው፤ «ብመልሰው ይከሰኛል፣ ብሸጥለት ላይሰንሴ ይሄዳል» እያለ ይጨነቃል። ሁለተኛው ከሥራ ወጥቶ አንድ ቢራ ልጠጣ ሲል ዲኤምቪ የሰጠውን ወረቀት አሳይቶ የተመለሰው ባለታክሲ ነው፤ «አበሻ ስለሆንኩ ነው» ብሎ ተቀይሞ ይሄዳል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ሁለቱም ግን ሕጉ የት ላይ እንደሚቆም አጥርተው ቢያውቁት ከብዙ ጣጣ ይድናሉ።

የየስቴቱ ሕግ ስለሚለያይ እዚህ የምንናገረው ስለ ካሊፎርኒያ ነው። በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከ2002 ጀምሮ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመውን ሠፈር ጨምሮ ብዙ ወገኖቻችን በዚያ ስቴት መጠጥ በሚሸጥበት ንግድ ተሠማርተዋል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የራሳችንን ስንጠቅስ ለይተን እንናገራለን።

በአጭሩ መልሱ አዎን፣ ይችላል ነው። የካሊፎርኒያ የንግድና የሙያ ሕግ ቁጥር 25659 መብቱን በግልጽ ይሰጣል። 21 ዓመት እንዳለፈው የሚያስረዳ በቂ የጽሑፍ ማስረጃ ማቅረብ ላልቻለ ሰው ባለላይሰንሱም ሆነ ሠራተኛው አልሸጥም ማለት ይችላሉ። ለዚህ ፖሊስ መጥራት፣ ካርዱም ሐሰተኛ መሆኑን ማስመስከር አያስፈልግም። ነገር ግን ጥርጣሬው የመጣው ከካርዱ መሆን አለበት። ከሰውየው መልክ፣ ከአነጋገሩ ወይም ከአገሩ የመጣ ከሆነ ሌላ ሕግ ይነሣበታል፤ ያኛው ሕግ ደግሞ ጥርስ አለው። የእኔም ክርክር ይኸው ነው፤ ካርዱን ሳይፈሩ መጠርጠር፣ ሰውን ግን በመልኩ አለመጠርጠር።

መጀመሪያ ሻጩ የሚፈራውን እንይ። የመጠጥ ዕድሜ 21 የሆነው በ1984 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ ዕድሜውን ከዚያ ዝቅ ለሚያደርግ ስቴት የመንገድ ሥራ ገንዘብ ስለሚቀንስበት ነው፤ ካሊፎርኒያ ግን ከዚያ በፊትም 21 ነበረች። ከዚያ ዕድሜ በታች ለሆነ ሰው መሸጥ በቁጥር 25658 ሚስዲሚነር የሚባለው ወንጀል ነው። ሬስቶራንት ወይም ባር ውስጥ ሲሆን ደግሞ ሕጉ ይጠብቃል፤ ልጁ በግቢው ውስጥ ሲጠጣ ዝም ያለ ባለቤት፣ ዕድሜውን ባያውቅም እንኳ ተጠያቂ ነው። የመጠጥ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ፣ ኤቢሲ የምንለው፣ ለመጀመሪያ ጥፋት ያስቀመጠው የቅጣት መነሻ ላይሰንሱን 15 ቀን ማገድ ነው። በ36 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከተደገመ ላይሰንሱን እስከ መጨረሻው ሊነጥቅ ይችላል። ለአንድ የሠፈር ሬስቶራንት 15 ቀን ያለ ቢራና ያለ ወይን መክረም ምን ማለት እንደሆነ ኪራይ የሚከፍል ሰው ያውቀዋል።

ባለቤቶች ግን ብዙ ጊዜ የሚረሱት አንድ ነገር አለ። ላይሰንሱ የባለቤቱ ነው፤ የወንጀሉ ወረቀት ግን የሚጻፈው እጁን ዘርግቶ ጠርሙሱን ባቀበለው ሠራተኛ ስም ነው። በእኛ ሱቆች የማታውን ፈረቃ የሚይዘው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ከመጣ ዓመት ያልሞላው የወንድም ልጅ፣ የአሳይለም መልስ የሚጠባበቅ ዘመድ ወይም ግሪን ካርዷን ይዛ የዜግነት ቀኗን የምትቆጥር እኅት ናት። ለፍርድ ቤቱ ጉዳዩ የገንዘብ ቅጣትና የማኅበረሰብ አገልግሎት ሥራ ሊሆን ይችላል። የዜግነት ማመልከቻው ፎርም ግን «ተይዘህ ወይም ተከሰህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ «አዎን» ሲሆን የፍርድ ቤት ወረቀት መሰብሰብ፣ ጠበቃ መፈለግ፣ በኢንተርቪው ላይ ማስረዳት ይከተላል። ዘመድን ካሽ ሬጂስተር ላይ አቁሞ አይዲ አነባበብ ሳያስተምሩ መሄድ በእኔ አስተያየት ደሞዝ ከመከልከል አይተናነስም። በሬስቶራንትና በባር መጠጥ ለሚያስተናግዱ ሠራተኞች ከ2022 ጀምሮ ሥልጠናና ፈተና ግዴታ ሆኗል። መጠጡ ታሽጎ የሚወሰድበት ግሮሰሪና ሊከር ስቶር በዚያ ግዴታ ውስጥ ስላልገቡ፣ እነዚያን ሠራተኞች የማስተማሩ ኃላፊነት በባለቤቱ ጫንቃ ላይ ነው።

ወጥመዱም አለ። ፖሊስና ኤቢሲ ወጣት እየላኩ ሱቆችን ይፈትናሉ። «ይህ ማታለል ነው» ብለው የተከራከሩ ነጋዴዎች ጉዳዩን እስከ ካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሰውት በ1994 ተሸንፈዋል። ደንቡ ግን ለሻጩም ይፈርድለታል። የሚላከው ወጣት ከ20 ዓመት በታች መሆን አለበት፤ መልኩም የልጅ መምሰል አለበት። አይዲ ከያዘ የያዘው የራሱን እውነተኛ አይዲ ነው፤ ሲጠየቅም ያሳያል። ዕድሜው ስንት እንደሆነ ከተጠየቀ ደግሞ እውነቱን መናገር ግዴታው ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በዚህ ፈተና የሚወድቀው ሱቅ በረቀቀ ፌክ አይዲ ተታሎ አይደለም። የወደቀው ሳይጠይቅ በመሸጡ ወይም ካርዱን ተቀብሎ ሳያነብ በመመለሱ ነው። የካሊፎርኒያ ዲኤምቪ ከ21 ዓመት በታች ለሆኑት የሚሰጠው ካርድ እንኳ በቁሙ የተሠራ ነው፤ 21 የሚሞሉበትም ጊዜ ተጽፎበታል። (በቁም የተሠራ ካርድ የያዘ ሁሉ ልጅ ነው ማለት ግን አይደለም፤ 21 ሞልቶት ካርዱ እስኪታደስ የሚጠብቅም አለ። ቀኑን ማንበብ ነው።)

በሌላ በኩል ሕጉ ለጠንቃቃ ሻጭ ጋሻ ሰጥቶታል። በቁጥር 25660 መሠረት ሻጩ አይዲ ጠይቆ፣ አይቶ፣ ያየውንም አምኖ ከሸጠ ለወንጀሉም ለላይሰንሱም ክስ መከላከያ ይሆነዋል። ማመኑ ግን ምክንያታዊ መሆን አለበት፤ ፎቶው የሌላ ሰው መሆኑ እያስታወቀ ዓይኑን ጨፍኖ ለተቀበለ ጋሻው አይሠራም። ሰነዶቹም ተለይተው ተነግረዋል፦ ስም፣ የልደት ቀን፣ የመልክ መግለጫና ፎቶ ያለበት እንደ መንጃ ፈቃድ ያለ የመንግሥት ሰነድ፤ የአሜሪካ ወይም የውጭ አገር መንግሥት ፓስፖርት፤ የልደት ቀንና ፎቶ ያለበት የወታደር መታወቂያ። ሁሉም ጊዜያቸው ያላለፈ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ያ የተቀየመው ባለታክሲ መልሱን ያገኛል። መንጃ ፈቃዱን አድሶ አዲሱ ካርድ በፖስታ እስኪመጣ ድረስ ዲኤምቪ የሚሰጠው ወረቀት ለመንዳት ይሠራል፤ ፎቶ ስለሌለው ግን መጠጥ ሻጩን ከክስ አያድነውም። የመለሰው ሰው ወረቀቱን እንጂ እርሱን አልጠላም። የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን አሳይቶ «የአሜሪካ አይዲ ካልሆነ አንቀበልም» የተባለው ወገን ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። ያልተቃጠለ የውጭ አገር ፓስፖርት በሕጉ በስሙ የተጠቀሰ በቂ ማስረጃ ነው። እንዲህ የሚል ባር ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ ሰበብ ይፈልጋል።

የቀበሌ መታወቂያ ነገር ለብቻው መነሣት ያለበት ነው፤ በዚህ ላይ ከፈረንጁ ይልቅ እኛው እንሳሳታለን። አንድ ወጣት በእኛ አቆጣጠር 1999 ዓ.ም. ተወለደ የሚል የቀበሌ ካርድ ቢያሳይ፣ በፈረንጆቹ የተወለደው በ2006 መጨረሻ ወይም በ2007 ነው። 21 ዓመት የሚሞላው በ2027 ወይም በ2028 ነው ማለት ነው። ቁጥሩን እንደ ፈረንጅ ዓመት ያነበበ ሻጭ ግን በ2020 ሃያ አንድ ሞልቶታል ብሎ ይሸጥለታል። ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም ፎርጅድ ሳይሠራ ሰባት ስምንት ዓመት ይጠፋል። ከዚህም በላይ ሕጉ ለውጭ መንግሥት ሰነድ በስም የጠራው ፓስፖርትን ነው፤ ስለዚህ የቀበሌ ካርድ አይቶ መሸጥ አደጋ ነው። ካርዱን የሚያነበው የአገሩ ልጅ ስለሆነ ብቻ አደጋው አይቀንስም።

አሁን ወደ ሌላው ሕግ ልምጣ። የካሊፎርኒያው የአንሩ ሕግ ንግድ ቤቶች በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገርና በመሳሰሉት ደንበኛ እንዳይለዩ ይከለክላል። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ዜግነት፣ የሚናገሩት ቋንቋና የኢሚግሬሽን ሁኔታ በግልጽ ተጨምረዋል። የጣሰ ንግድ ቤት ለእያንዳንዱ ጥሰት ከ4,000 ዶላር የማያንስ ካሣ፣ በዚያም ላይ የጠበቃ ወጪ ይከፍላል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው «ማንንም ያለማስተናገድ መብታችን የተጠበቀ ነው» የሚል ማስታወቂያ ከዚህ አያድንም። ብዙ ወገኖቻችን ከሌላው አይተው ለጥፈውታል፤ ቢያወርዱት የሚቀርባቸው ነገር የለም።

ሻጮችን በየጊዜው የሚያሳስተው ካርድ ላይ «የፌዴራል ገደብ አለበት» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበት መንጃ ፈቃድ ነው። ከጃንዋሪ 2015 ጀምሮ ኤቢ 60 በሚባለው ሕግ የኢሚግሬሽን ወረቀት የሌለው ሰውም መንጃ ፈቃድ ያገኛል፤ ካርዱም ይህ ጽሑፍ አለበት። ከ2018 ወዲህ ግን ሪል አይዲ ያልሆነ የማንኛውም ሰው አዲስ ካርድ፣ የአሜሪካ ተወላጁም ጭምር፣ ያው ጽሑፍ አለበት። ጽሑፉ ስለ ዕድሜ ምንም አይናገርም። የኤቢ 60 ካርድ ስላቀረበ ሰውን መለየት ደግሞ በራሱ የአንሩን ሕግ መጣስ እንደሆነ የተሽከርካሪ ሕጉ ይደነግጋል። እንዲሁም የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 1 የሆነን ሁሉ በፌክ የሚጠረጥር በረኛ አለ። ትክክለኛ ቀኑ በውል ሳይታወቅ በስደተኛ ካምፕ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበ ወገን ስንት እንደሆነ እኛ እናውቃለን። ካርዱ እውነተኛ ከሆነ ቀኑ መብዛቱ ጥፋት አይደለም።

ታክሲ የሚነዳ አንባቢ ይህን ነገር ከሌላው ጎን ያውቀዋል። በ1999 ተዋናዩ ዳኒ ግሎቨር ኒው ዮርክ ውስጥ ታክሲዎች አልጭንም እያሉ አለፉኝ ብሎ ለከተማው ታክሲ ኮሚሽን አቤቱታ ባቀረበ ጊዜ፣ ከተማው ተሳፋሪ መስለው የሚቆሙ ተቆጣጣሪዎችን አሰማርቶ እንቢ ያለውን ሾፌር ላይሰንስ እዚያው ያግድ ጀመር። ሾፌሩ «ፈርቼ ነው» ቢልም በመልክ የተጀመረ ፍርሃት ምክንያት ሊሆነው አልቻለም። ባር ውስጥ ያለውም ሻጭ ከዚህ የተለየ መብት የለውም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው፤ ይሉኝታችን። ፈረንጁን ልጅ ያለ ምንም ችግር አይዲ እንጠይቃለን። የምናውቃቸው ሰዎች ልጅ ሲመጣ ግን አፋችን ይያዛል። ለምረቃ ወይም ለልደት ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ አባትየው «ለእሱም አንድ ቢራ ስጪው፣ እኔ ነኝ የፈቀድኩት» ሲል አስተናጋጇ ምን ትበል? «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ላይሰንሱ አይፈቅድልንም» ትበል። በካሊፎርኒያ ላይሰንስ ባለው ቤት የወላጅ ፈቃድ ምንም ዋጋ የለውም፤ ከጠረጴዛው ላይ ጠጅ ቀድቶ ለልጁ የሚያቀብል አባት ባለቤቱን ነው የሚያስጠይቀው። ልጁ ሬስቶራንቱ ውስጥ መቀመጥና መብላት ይችላል፤ በሩ የሚዘጋበት ለመጠጥ ብቻ ላይሰንስ በወጣለት ባር ነው። አስተናጋጇ እንዲህ ብላ ስትመልስ ባለቤቱ ከኋላዋ መቆም አለበት። «ተዪ፣ የኛ ሰዎች ናቸው» ብሎ የሚሽራት ከሆነ ነገ ማንንም አትጠይቅም።

ስለዚህ ደንቡ ተጽፎ ይለጠፍ። ከ30 ዓመት በታች የሚመስል ሁሉ አይዲ ያሳያል ከተባለ የሁሉም ይታይ፤ የአበሻውም፣ የላቲኖውም፣ የነጩም። ካርዱን ከቦርሳ አስወጥቶ በእጅ መያዝ፣ ቀኑን ማስላት፣ ፎቶውን ከፊት ጋር ማስተያየት፣ ዕድሜህ ስንት ነው ብሎ በቃል መጠየቅ። የመለሱትን ሰው ቀንና ምክንያት በአንድ ደብተር መመዝገብም ጥሩ ነው፤ «የካርዱ ጠርዝ ተልጧል»፣ «ጊዜው አልፏል» የሚል ጽሑፍ በኋላ ክስ ቢመጣ ይናገራል። ሕጉ ሐሰተኛ አይዲ ለመያዝም ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ደረሰኝ ሰጥቶ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማስረከብ ያስፈልጋል፤ አለመያዝም አያስጠይቅም። እኔ አትያዙ ባይ ነኝ። የተያዘው ካርድ እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ፣ ወይም ልጁ ልቀማ ብሎ ቢታገል፣ ለአንድ ስድስት ቢራ የማይገባ ጠብ ነው። ካርዱን መልሶ ሽያጩን መከልከል ይበቃል።

የተመለሰው ደንበኛ ደግሞ ምክንያቱን በትሕትና ይጠይቅ። «ፎቶ የለውም» ወይም «ተቃጥሏል» ከተባለ ፓስፖርቱን ይዞ ይመለስ። ደህና ሰነድ እያሳየ ከጎኑ ያለው ነጭ ሳይጠየቅ ሲገባ ካየ ግን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያሳየውን ሰነድና የተባለውን ቃል እዚያው ይጻፍ፤ አብሮት የነበረ ሰው ካለም ስሙን ይያዝ። አቤቱታውን የሚቀበለው የካሊፎርኒያ ሲቪል ራይትስ መሥሪያ ቤት ነው፤ ማመልከቻውም ድርጊቱ ከተፈጸመ አንድ ዓመት ሳያልፍ መግባት አለበት።