ፏፏቴና ሰበቡ



አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸው በትምህርት ቤት የተማሩትን የተፈጥሮ ነገር በምክንያት ሲያስረዱ ሲሰሙ ይሰጋሉ። «ሁሉ በምክንያት ከተተነተነ የአላህ ሥራ የቱ ጋ ቀረ?» ይላሉ። ይህን ስጋት ዛሬ በአንድ ምሳሌ እንመልከተው፤ ምሳሌያችን ፏፏቴ ነው።

ወንዝ ሁሉ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ይወርዳል፤ ወንዝ ሁሉ ግን ፏፏቴ የለውም። ልዩነቱን የሚያመጣው የሚፈስበት መሬት ነው። ወንዙ ከላይ ጠንካራ፣ ከሥር ለስላሳ ድንጋይ ባለበት ሲያልፍ፣ ውሃውና ይዞት የሚመጣው ጠጠርና አሸዋ ለስላሳውን ቶሎ ይቦረቡረዋል። ጠንካራው እንደ ጣራ ክፈፍ ወጣ ብሎ ይቀራል፤ ውሃውም ከዚያ ላይ ይወረወራል። የሚያርፍበት ቦታ እየተቆፈረ ጥልቅ ኩሬ ይሆናል። ከጊዜ ብዛት ሥሩ የተቦረቦረው ክፈፍ ሲናድ ፏፏቴው ወደ ኋላ፣ ወደ ወንዙ መነሻ ይሸሻል። በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ ያለው የናያግራ ፏፏቴ በ12,000 ዓመታት ገደማ ውስጥ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄዷል።

ሌሎችም ሰበቦች አሉ። መሬት ተሰንጥቆ አንዱ ወገን ዝቅ ሲል፣ በስምጥ ሸለቆ ዳርቻ እንደምናየው፣ ገደል ይፈጠራል፤ ወንዝም ከገደሉ ይወርዳል። ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ ቀዝቅዞ ሲጠነክርም ዳርቻው ለወንዝ እርከን ይሆናል። ዐባይ ከጣና ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጢስ ዐባይ ከ40 ሜትር በላይ የሚወረወረው ከእንዲህ ያለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው።

የፏፏቴ ዓይነቱም ብዙ ነው። በኢሉባቦር እንዳለው እንደ ሶር በአንድ ዝላይ ወርዶ ኩሬ ውስጥ የሚያርፍ አለ። ጢስ ዐባይ በክረምት ሲሞላ እንደሚሆነው፣ በወንዙ ሙሉ ስፋት እንደ መጋረጃ የሚዘረጋ አለ። ድንጋዩን ሳይለቅ እንደ ፈረስ ጭራ የሚንዠረገግ፣ በደረጃ በደረጃ የሚወርድም አለ። በወላይታ አጆራ ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ይወርዳሉ። በሰሜን ተራሮች የጅንባር ውሃ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ በበጋ ግን ይሳሳል።

እንግዲህ ሰበቡን ማወቃችን ከአላህ ሥራ ምን አጎደለ? ድንጋዩን ጠንካራና ለስላሳ አድርጎ የደራረበው፣ ዝናቡን ያወረደው፣ ለውሃ የመውረድን ሕግ የሰጠው ማን ነው? ሰበብ የአላህ ሥራ የሚገለጥበት መንገድ ነው። ይህን መንገድ የሚማር ልጅ ከዲኑ አልራቀም።

ሰበብን ማወቅ ግን ኃላፊነትም ያመጣል። ሰበቡ ሲነካ ውጤቱም ይነካልና። በጢስ ዐባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሁለተኛውና ትልቁ በ1993 ዓ.ም. ሲጨመር አብዛኛው ውሃ ወደ ተርባይን ዞረ፤ ፏፏቴውም ሳሳ። አገር ብርሃን ያስፈልጋታል፤ ሆኖም ዋጋው ምን እንደነበረ ማስተዋል ይገባል።

የእኛም አካባቢ ከዚህ አይለይም። ከቦሬ ተነስቶ በአዶላና በዋደራ አድርጎ ነገሌ የሚደርስ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከዚህ ደጋ የሚነሱ ጅረቶችም ያንኑ ቁልቁለት ይዘው ወደ ገናሌና ወደ ዳዋ ይገባሉ። በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ገናሌ ዳዋ 3 የሚሠራው በዚሁ ቁልቁለት ነው፤ ውሃው 12 ኪሎ ሜትር በሚያህል ዋሻ ተመርቶ ወርዶ ተርባይኑን ያዞራል። በዓይን የማይታይ ፏፏቴ ልንለው እንችላለን።

ወንዙን በበጋ የሚያቆየው ደኑ ነው። በዛፍ የተሸፈነ አፈር ዝናቡን መጥጦ በጥቂት በጥቂቱ ይለቀዋል፤ የተራቆተ መሬት ግን በአንድ ቀን ጎርፍ አድርጎ ይሰደዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ 5 ወቅት በተከታታይ ሲጠፋ፣ ከደጋ የሚወርድ ወንዝ ለሰውም ለከብትም ምን እንደሆነ ለቦረና ሰው ነጋሪ አላስፈለገውም። ስለዚህ ቦሬ ላይ ወይም በአንፈራራ ደን መጥረቢያ የሚያነሳ ሰው ቆላ ያለውን የወንድሙን ውሃ እንደሚነካ ይወቅ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰውም፣ ወፍም፣ እንስሳም ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት አስተምረውናል።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ «ፏፏቴ ከምን መጣ?» ብሎ ቢጠይቅ «አላህ ፈጠረው» በሉት፤ እውነት ነው። ቀጥሎ «እንዴት?» ቢል ግን ዝም አታሰኙት። ጥያቄውን ይዞ ወደ መምህሩ ይሂድ፤ ሲመለስም ከጓሮ አንድ ችግኝ አብራችሁት ትከሉ።

ወሏሁ አዕለም።